ከጉና ሥር ወደ ዓለም መዛግብት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ጎዳና የፎገራን የሩዝ ማሳ ለቆ ዳገቱን ሲይዝ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የገብሱና የድንቹ እርሻ እየበዛ ይሄዳል፤ መንገደኛውም የጉናን ተራራ አሻግሮ እያየ ደብረ ታቦር ይገባል። ይህች ከተማ ራስ ጉግሣ መርሱ ከቈረቈሯት ጊዜ አንሥቶ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ፣ ቀጥሎም የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ፣ ከዚያም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በአጠገቧ በሠመራ ይከርሙባት የነበረች ስፍራ ስለ ሆነች፣ የአሥራ ዘጠነኛውን መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ታሪክ የጻፈ ሰው ስሟን ሳያነሣ ማለፍ አይሆንለትም። ዳሩ ግን ስለ እርሷ ከተጻፈው የሚበዛው የሚገኘው ከእርሷ ርቆ ነው፤ በለንደን፣ በሐምቡርግ፣ በአሜሪካ መዛግብትና መጽሔቶች ተከማችቶ፣ በዚህ ዘመን ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የመረጃ ቋት ተደራጅቶ ተቀምጧል። የከተማዋ ልጆች ወደዚያ ቋት የሚገቡበት መንገድ እስካሁን በአንዳንድ መምህራን የግል ትጋት ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ መቅረቱ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

በከተማዋ ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚያስተምሩ አንድ የታሪክ መምህር፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ማስተማር ሲጀምሩ መማሪያ መጽሐፉን አስገልጠው አያስነብቡም። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ጥያቄ ይጽፋሉ፤ «የመቅደላ መጻሕፍት ወዴት ሄዱ? ይህንንስ በምን እናውቃለን?» የፊተኛውን ለመመለስ እጁን የማያነሣ ተማሪ የለም፤ እንግሊዞች እንደ ወሰዷቸው በዚህ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃልና። የኋለኛው ጥያቄ ግን ክፍሉን ዝም ያሰኘዋል። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ እኔ አያቴ ነግረውኝ ነው የማውቀው» አለ። መምህሩም ቃሉን ሳያቃልሉ «የአያትህ ቃል አንድ ምስክር ነው፤ አሁን ሁለተኛና ሦስተኛ ምስክር እንፈልግለታለን» ብለው ከቦርሳቸው የተባዙ ወረቀቶች አወጡና ለየወንበሩ አደሉ።

በወረቀቶቹ ላይ የነበረው ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ በገዛ እጃቸው ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ፤ በዚያ ሊያሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት ያሰባሰቧቸው ብራናዎችም በዘረፋው ተነኩ። ምርኮውን ወደ ደላንታ ሜዳ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል፤ ከጦሩ ጋር ተልኮ የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስም 350 ያህል ብራናዎችን ለሙዚየሙ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ከተወሰዱት መካከል ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጽፈው ተመለሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ1877 ደግሞ ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ ሙዚየሙ ከ1847 ወዲህ ያገኛቸውን የግዕዝ ብራናዎች አንድ በአንድ የዘረዘረበትን መዝገብ አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ሪቻርድ ፓንክረስት የመቅደላን ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ከምስክሮቹ ቃል አጣምረው በለንደኑ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ጻፉ።

አንዲት ተማሪ ወረቀቱን ገለባብጣ ካየች በኋላ «ቲቸር፣ ይኼን ከየት አመጡት?» ስትል ጠየቀች፤ በእኔ አስተያየት የዚያን ቀን ዋናው ትምህርት የተጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው። መምህሩ የራይትን መዝገብ ኢንተርኔት አርካይቭ ከተባለው ነጻ የመጻሕፍት ማከማቻ በስልካቸው እንዳወረዱት፣ የፓንክረስትን ጥናት ግን ጄስቶር በሚባለው የመረጃ ቋት በግል ስማቸው ተመዝግበው እንዳነበቡት ነገሯቸው። ጄስቶር የግል መዝገብ ለከፈተ አንባቢ ሁሉ በወር እስከ 100 ጥናቶች ያለ ክፍያ በመስኮቱ ላይ እንዲያነብ ይፈቅዳል እንጂ እንዲያወርድ አይፈቅድም፤ ስለዚህ መምህሩ የሚያስፈልጋቸውን ቁም ነገር በደብተራቸው በእጅ ገልብጠው፣ ያንን በአማርኛ አሳጥረው፣ የገጹን ቍጥር በዳር ጽፈው አባዝተውታል።

የጥናት መረጃ ቋት ማለት ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በስልክ ላይ በተለመደው መፈለጊያ ቃል ጽፈን የምናገኘው ነገር በገበያ ቀን እንደሚዘረጋ ሸቀጥ ነው፤ ማንም ሰው የያዘውን ያቀርባል፣ የጮኸም ቀድሞ ይታያል። የመረጃ ቋት ግን እንደ ደብር ዕቃ ቤት ነው፤ ማን እንደ ሰጠው፣ መቼ እንደ ገባ፣ ምን እንደ ሆነ በመዝገብ ሳይጻፍ የሚገባ ነገር የለም፤ ጠባቂም አለበት። እያንዳንዱ ጥናት ከነጸሐፊው ስም፣ ከታተመበት ዓመት፣ ከመጽሔቱ፣ ከርእሰ ጉዳዩና ከአጭር መግለጫው ጋር ይመዘገባል፤ አብዛኛውም ከመታተሙ በፊት በዚያው ሙያ በሠለጠኑ ሰዎች ተመርምሮ የታረመ ነው። ስለዚህ ተማሪው «ይህን ያለው ማን ነው? መቼ? ከማን ሰምቶ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን እዚያው ያገኛል። ለትምህርት ቤት ያለው ጥቅምም ከሁሉ በፊት ይህ ነው፤ ወጣቱ አእምሮ ነገርን ከምንጩ ጋር አያይዞ የመያዝን ልማድ ይለምዳል።

ነገር ግን የዕቃ ቤቱ በር ለሁሉ እኩል አልተከፈተም። በሌላው ዓለም፣ ለምሳሌ በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት፣ ጋሊሊዮ የተባለው የጋራ የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የግዛቲቱን ቤተ መጻሕፍት በአንድ ያስተሳሰረ ሲሆን፣ ኋላም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች የሚገቡበት ሆኖ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከሰፈሩ ሆኖ የዩኒቨርሲቲ ሰው የሚያነበውን መጽሔት ማንበብ ችሏል። በእኛ አገር በሩ የተከፈተው በዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በጤና መጽሔቶች ተጀምሮ በግብርና፣ በአካባቢና በቴክኖሎጂ የተስፋፋው ማኅበር፣ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት በሺሕ የሚቈጠሩ መጽሔቶችን ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ የሚቀበላቸውም ዩኒቨርሲቲዎችን፣ የምርምር ተቋማትን፣ ሆስፒታሎችን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን ነው። በዚህም ምክንያት በ2004 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውስጥ ያለ ተማሪ ሊያነበው የሚችለውን ጽሑፍ፣ በዚያው ከተማ ያለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሊያነበው አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ፈተናና የአንድ ክረምት ዕድሜ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አንዱን ከውስጥ ሌላውን ከውጭ አድርጎ የሚለይ አጥር መቆሙ አግባብ አይመስለኝም።

ይህን አጥር ሊያፈርስ የሚገባው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም የተሰጠው ተልእኮ መጻሕፍትን መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ለሕዝቡ ንባብ ማቅረብም ነበረበት። በአዲስ አበባ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ወጣቱ ለንባብ ያለውን ጥማት በዓይን አሳይቷል፤ ከጥዋት ጀምሮ በደጁ የሚሰለፉትን ያየ ሰው ይህን አይክድም። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴርም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በሕዝብ ገንዘብ የተካሄደ ምርምር ሁሉ በክፍት ተደራሽነት እንዲቀመጥ የሚያዝ ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶች፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በሚባለው ቋት ከተሰበሰቡት የኢትዮጵያ መጽሔቶችም ብዙዎቹ፣ ለማንም የተከፈቱ ናቸው። እንግዲህ የሚጎድለው መጽሐፉ አይደለም፤ ተማሪውን እጁን ይዞ እዚያ የሚያደርሰው ሰውና ስፍራ ነው።

እዚህ ላይ ደብረ ታቦር ያለችበት የደቡብ ጎንደር ደጋ ነገርን ከምንጩ ጋር ለማስተያየት ባዕድ አለመሆኑን ሳላነሣ ባልፍ የአገሩን ሊቃውንት መበደል ይሆንብኛል። ድጓን የተማረ ዘማሪ በሌላ አገር የቱንም ያህል ቢደክም ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይመጣል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክር ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ አለቃ ገብረ ሐና ከፎገራ ተነሥተው የጀመሩትንና ልጃቸው ተክሌ ያስፋፉትን አቋቋም የሚፈልግም ደብረ ታቦር ኢየሱስን ይጠይቃል። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቦ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ወንዝና ገደል እያቋረጠ እዚያ የሚደርሰው ዜማውን ስለማያውቅ አይደለም፤ በእጁ የያዘው ድጓ ከቤተልሔሙ ድጓ ጋር ተስተያይቶ፣ ምልክቱ በምልክት ተመርምሮ፣ የኔታ አዳምጠው «ይህ ትክክል ነው፣ ይህ ስሕተት ነው» እስኪሉለት ድረስ ዕውቀቱ እንዳልጸና ስለሚያውቅ ነው። በመጻሕፍት ቤትም አንዲት ንባብ ስትተረጐም መምህሩ የአባቶችን ሐተታ «አንድም፣ አንድም» እያሉ ይደረድራሉ፤ ደቀ መዝሙሩ ሁሉንም በቃሉ ይይዛል፣ ከዚያም የትኛው ለምሥጢሩ እንደሚስማማ ይመረምራል። ጽሑፍን ከጽሑፍ ማስተያየት፣ ምስክርን በምስክር ማጽናት፣ የተለያየ ቃል ሲገኝ አንዱን በችኮላ አለመጣል፣ የዘመኑ ምሁር የጥናት ሥርዐት ብሎ የሚጠራው ይኸው ነው። የታሪክ መምህሩ በዚያ ክፍል የሦስቱን ምስክሮች ቃል በሦስት ዐምድ ጽፈው ልጆቹን ሲያከራክሩ ስመለከት የአገሩ የአብነት ትምህርት በዘመናዊው ክፍል ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ማየቴ ነበርና ልቤ እጅግ ተደሰተ።

ከታሪክ ይልቅ የሳይንስ ትምህርት ምሳሌ የሚሻ ቢኖር በሊቦ ከምከም ካለችው ከአዲስ ዘመን ከተማ መራቅ አያስፈልገውም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ሰውን እያከሳ፣ ሆድን እያሳበጠ የሚገድል ትኩሳት ተነሣ፤ በመጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ታሰበ፤ በምርመራ ግን በቆላው በመተማና በሑመራ ይታወቅ የነበረው፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ገመቱ። ቀጥሎም የታመሙትንና ያልታመሙትን እያነጻጸሩ ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ በቀን ከግራር ሥር መተኛትና ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር ከበሽታው ጋር ተያይዘው አገኙ። ይህ ሁሉ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ተጽፎ፣ በጄኔቫም በለንደንም ተነቦ ሳለ፣ አያቱ በዚያ በሽታ የሞቱበት ልጅ በክፍሉ ስለ ተላላፊ በሽታ ሲማር የሚሰጠው ምሳሌ ከሌላ አገር የመጣ ነው።

በአንድ የሥነ ሕይወት ክፍል ግን ይህ ጥናት ቀርቦ አይቻለሁ። መምህርቷ እንግሊዝኛውን አጭር መግለጫ በአራት ከፍላ ለአራት ቡድን ሰጠች፤ እያንዳንዱም ቡድን የደረሰውን በአማርኛ ተርጕሞ ለሌሎቹ እንዲያስረዳ አዘዘች። ትርጕሙ አላለቀም ነበር፣ አንዱ ልጅ «እንግዲያ ግራሩ ነዋ በሽታውን የሚያመጣው! ይቈረጣ!» ሲል ክፍሉ ታወከ። መምህርቷ «ቆይ፣ ረጋ በል እስቲ። ከግራር ሥር የሚተኛው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ከብት ጠባቂው፣ አራሚው፣ መንገደኛው፣ እያሉ ቈጠሩላት። «እነዚህ ሰዎች ሌላ ምን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ?» ስትል ደግሞ ከቤት ውጭ መዋላቸውን፣ ብዙዎቹም ወደ ቆላ የሚወርዱ መሆናቸውን ራሳቸው ደረሱበት። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት እንዳልሆነ፣ ዝንቡ በዛፉ ጥላና በተሰነጠቀው አፈር መጠለል አለመጠለሉ ሌላ ምርመራ እንደሚጠይቅ ተግባቡ። ይህን ያህል የጠለቀ ክርክር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሲካሄድ ያየሁት ጥናቱ ስለ ራሳቸው ወንዝና ስለ ራሳቸው ዛፍ በመናገሩ ነው።

ችግሩ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚያደክመው ግን ፍለጋው ራሱ ነው። ፈረንጆቹ ጸሐፊዎች የአገራችንን ስም እንደ ሰሙት ስለሚጽፉ፣ አንዱ «ደብረ»፣ ሌላው «ደብራ»፣ ሦስተኛው «ዳብራ» ሲል ይገኛል፤ ተማሪው አንዱን ብቻ ጽፎ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። በአማርኛ ሲፈልግም ሃሌታውን «ሀ» ከሐመሩ «ሐ»፣ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» ቋቱ ስለማይለያይለት ሳይሆን እጅግ ስለሚለያይበት ነው የሚቸገረው፤ «ዐፄ» ብሎ የጻፈ «አጼ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። የዘመን አቈጣጠሩም ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ስለሚለያይ የ1997ቱን ወረርሽኝ በ1997 የሚፈልግ ልጅ በከንቱ ይደክማል። እነዚህን ነገሮች በአንድ ሰዓት ማስተማር ይቻላል፤ የሚያስተምር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እስካለ ድረስ። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶች የመጻሕፍት ክፍሉን የሚጠብቀው ሰው ቁልፍ ያዥ ሆኖ ቀርቷል፤ ሥራው ግን ከመምህሩ ሥራ ያልተለየ ነው።

የኢንተርኔት መረቡም ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበረ፣ በክልሉ የተነሣው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን እንደ ዘጋ ለዚህ አገር ሰው መንገር አያሻም። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላለፉት የመቅደላ ብራናዎች የሚገኙበት የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ሽፍቶች ተጠቅቶ፣ በፎቶግራፍ ለዓለም ያቀረባቸው ብራናዎች ለረጅም ጊዜ ከመስኮቱ ጠፉ። ሩቅ ባለ ቋት ብቻ መተማመን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይኖርም። በዚህ ረገድ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ ትልቅ ትምህርት አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአገር ቤት፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ በሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ በመደረጉ፣ ዛሬ የተመዘገበ አንባቢ ሁሉ ከብራናዎቹ ብዙዎቹን በነጻ ማየት ይችላል። ለትምህርት ቤት የሚሆነውም እንደዚሁ ነው፤ ክፍት የሆኑት ጥናቶች፣ መማሪያ መጻሕፍትና የጽሑፍ ቅጂዎች መረብ ባለ ጊዜ ተወርደው በአንድ አነስተኛ ሰርቨር ላይ ቢቀመጡ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን በትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ በስልክና በኮምፒዩተር ይነበባሉ።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ፈተናውን ማለፍ ሳይችል ስለ ምርምር ምን ያደርግለታል?» ይላሉ፤ ሥጋታቸው እውነተኛ ነው። ለ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ሁላችን በሐዘን ሰምተናል። እኔ ግን ያ ውጤት የነገረን ልጆቻችን የተሰጣቸውን ጽሑፍ አንብበው፣ አመዛዝነው መመለስ እንዳልተማሩ ነው እላለሁ፤ ይህንንም በቃል በማስያዝ ብቻ ልንፈውሰው አንችልም። የካላዛሩን ጥናት ተርጕመው የተከራከሩት ልጆች የዚያን ቀን እንግሊዝኛም፣ ሒሳብም፣ ሥነ ሕይወትም ተምረዋል።

የመረጃ ቋቱን በር ለተማሪው ለመክፈት የሚያስፈልገው ወጪ ትንሽ፣ የሚያስፈልገው ስምምነት ግን ትልቅ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ስለ ደቡብ ጎንደር የተሠሩትን ክፍት ጥናቶች፣ ስለ ጉና መሬት መሸርሸር፣ ስለ ጉማራ ወንዝ፣ ስለ ፎገራ ሩዝ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ስላጥለቀለቀው ጎርፍ የተጻፉትን፣ ለይቶ በአንድ ቅጂ ያዘጋጅ፤ የከተማው አስተዳደር ይህ ቅጂ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥና ማንም ተማሪ በመታወቂያው እንዲጠቀም ስፍራና ሁለት የሠለጠኑ ሠራተኞች ይስጥ፤ የዞኑ ትምህርት መምሪያም በየትምህርት ቤቱ ከየትምህርት ዓይነቱ አንድ መምህር በክረምት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ፍለጋና ምዘና እንዲማር ያድርግ። ወመዘክር ደግሞ እንደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትነቱ ያለውን መብት ተጠቅሞ የክልል ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በእርሱ ጥላ ሥር ወደ ተዘጉት መጽሔቶች የሚገቡበትን ውል ከባለቤቶቹ ጋር ይጠይቅ። ተማሪዎቹም ስለ 1998ቱ ጎርፍ ከአረጋውያን ቃል እየሰበሰቡ የተናጋሪውን ፈቃድ፣ የተነገረበትን ቀንና ቀበሌ ጽፈው ለዚያው ቤተ መጻሕፍት ሲያስረክቡ፣ ሠራተኞቹ በጥናቶቹ ጎን መዝግበው ያስቀምጡት፤ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ክፍል የሚጀምረው ከዚያ ነውና።